ወደ ቁልቁለቱ ማዘንበል

— ጋሼ፣ እስኪ ይፍረዱን። ውቅያኖስ ዳር አድጎ በማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተት፣ ሰርፊንግ የሚሉትን፣ የለመደ ሰው በረዶ ላይ ሲወጣ እንደማንኛውም ጀማሪ ነው? ወይስ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር ይደርስለታል?

— እኔን መጠየቅህ ለምንድን ነው? ባህር የለን፤ በረዶም ብንል የምናውቀው ክረምት ላይ ገብሱን ደቁሶ የሚያልፈውን ነው።

— ዕድሜዎን ሙሉ መካነ ሰላም ላይ የሰውነት ማጎልመሻ አስተምረዋል። ሯጩ ኳስ ሲሞክር፣ ኳስ ተጫዋቹ ከፍታ ሲዘል አይተዋል። ጥያቄዬ ስለ ባህሩ ሳይሆን ስለ ሰውነት ነው፤ አንድ መሬት ላይ የተማረውን ይዞ ወደ ሌላ መሬት ይሻገራል ወይ ነው የምለው።

— እንዲያ ከሆነ መልሴ አጭር ነው። ልብና ሳንባ አብረው ይሻገራሉ። ሙያ ግን እዚያው የተማረበት ይቀራል።

— እንዲያውም ሙያው ነው ሲሻገር ያየሁት። ዴንቨር አብሮኝ የሚሠራ የኛ ልጅ ነበር፤ ያደገው ሳንዲያጎ፣ ባህሩ አፋፍ ላይ ነው። ኮሎራዶ ተራራ ላይ ስኖውቦርድ፣ በአንድ ሰሌዳ በረዶ ላይ መንሸራተቱን፣ ልንለማመድ ወጣን። ሌሎቻችን ሁለት እግራችን ከአንድ ሰሌዳ ጋር ተጠፍሮ መነሳት እንኳ አቅቶን ስንንፏቀቅ እሱ ቆሟል። የትኛው እግሩ እንደሚቀድም የነገረው የለም። ጎኑን ለመንገዱ ሰጥቶ መቆሙን፣ ጉልበቱን ማላላቱን፣ ዓይኑን ከእግሩ ሥር አንስቶ ከሚሄድበት ላይ መትከሉን ሁሉ ከባህሩ ይዞት መጥቷል።

— ከዚያስ?

— ከዚያማ ወደቀ።

— ለምን እንደወደቀ ንገረኝ፤ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው።

— ማዕበል ላይ ሰሌዳውን የሚያዞረው የኋላ እግር ነው። ሰርፈር ሲፈራም ሲፈልግም ክብደቱን ወደ ኋላ ይጥላል። በተደለደለ በረዶ ላይ ክብደት ወደ ኋላ ከሄደ ግን የሰሌዳው አፍ ይቀልና የሚመራው ይጠፋል፤ ሰሌዳው ፈቃዱን ሳይጠይቀው ይበርራል። መታጠፍ የሚቻለው የፊት እግርን ተጭኖ፣ ደረትን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥቶ ነው። እሱ ደግሞ በፈራ ቁጥር ወደ ኋላ ይለጠጥ ነበር።

— አየህ፤ የጣለው የገዛ ሙያው ነው። ምንም የማያውቅ ጀማሪ የሚያፈርሰው ልማድ የለውም፤ ያንተ ጓደኛ ግን ከመማሩ በፊት መርሳት ነበረበት። ተማሪዎቼ ላይ ያየሁትም ይኸው ነው። መረብ ኳስ የለመደ ልጅ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ስታስገባው ኳሱን መያዝ ትቶ ይመታዋል። ደግሞ ውሃ ላይ ሲወድቅ የኖረ ሰው መውደቅን ይንቃል። በረዶው ላይ እጁን ዘርግቶ ቢወድቅ አንጓው ምን ይሆናል?

— ይሰበራል። የስኖውቦርድ ጀማሪ ዋነኛ ጉዳት የእጅ አንጓ ስብራት ነው፤ አልክድም። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። ሌሊቱን አዲስ በረዶ ጥሎ ማንም ያልረገጠው ጥልቅ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ እዚያ የኋላ እግር ይፈለጋል፤ አፉ እንዳይሰምጥ ሰሌዳውን ከኋላ ተጭኖ መያዝ ግድ ነው። በደልዳላው ላይ ሲያፌዙበት የዋሉት ሁሉ እዚያ ሰመጡ፣ እሱ ተንሳፈፈ። ነውር ያሉት ልማድ ቦታውን ሲያገኝ ሙያ ሆነ። ሰርፈር በረዶ ላይ እንግዳ ነው ማለት ይከብዳል። ስፖርቱን የወለዱት እኮ የሰርፊንግ ሰዎችና የነሱ ምኞት ነው።

— እንዴት አድርገው?

— በፈረንጆቹ 1965 ዓ.ም. ገና ዕለት ሚሺጋን ውስጥ መስኪጎን በምትባል ከተማ፣ ሸርማን ፖፐን የተባለ መሐንዲስ ሁለት ስኪ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ጣውላ፣ ጎን ለጎን አጣብቆ ለልጆቹ ሰጠ፤ ቆመው እንደ ማዕበል ጋላቢ ወረዱበት። በ1970ዎቹ ዲሚትሪዬ ሚሎቪች የሚባል ሰርፈር ዩታ ተራራ ላይ የሰርፍ ሰሌዳን ለበረዶ አስተካክሎ መሥራት ጀመረ። ከዚያ በ1977 ጄክ በርተን ካርፔንተር ሥራውን ወደ ፋብሪካ ወሰደው። 1998 ላይ ናጋኖ ስኖውቦርድ ኦሎምፒክ ገባ። የባህር ልምድ ተራራ ላይ ወጥቶ በ33 ዓመት የዓለም ስፖርት ሆነ። ከዚህ የበለጠ መሻገር ምን አለ?

— ያወራኸውን መልሰህ አድምጠው። ሰዎቹ ስኪውን እንዳለ አልተቀበሉም። ስኪማ ነበር፤ ኖርዌዮች ከጥንት ጀምሮ ይሄዱበታል። ሰርፈሮቹ ግን እግራቸውን ለስኪው አልቀየሩም፤ ስኪውን ለእግራቸው ቀየሩት። ያልከው ታሪክ የኔን ነገር ያጠናክራል። የሰው አካል ግትር ነው፤ ስለዚህ ብልህ ሰው ዕቃውን ያስተካክላል። ዕቃውን እንዳለ ተቀብሎ የተሻገረ ሰው ካለህ አምጣ።

— ፊሊፕ ቦይት።

— ኬንያዊው?

— አዎ። የኤልዶሬት መካከለኛ ርቀት ሯጭ ነበር። በ1996 ወደ ፊንላንድ ወስደው ዕድሜውን አይቶት የማያውቀውን በረዶ አሳዩት፤ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ናጋኖ ኦሎምፒክ ላይ በ10 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ስኪ ተሰለፈ።

— ስንተኛ ወጣ?

— መጨረሻ። አሸናፊው ኖርዌያዊ ብዮርን ዴሊ በ27 ደቂቃ ከምናምን ሲጨርስ እሱ 47 ደቂቃ ፈጀበት። ዴሊ ግን ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። ቦይት በኋላ ልጁን በዴሊ ስም ጠራው።

— ማቀፉ ሰው መሆን ነው፤ ደስ ይላል። አሁን ግን ቁጥሩን እንይ፤ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ 20 ደቂቃ ልዩነት። ይህ ሰው በሩጫ ቢሆን ኖሮ ዴሊን ወደ ኋላ ጥሎት በሄደ ነበር። ሳንባው የዓለም ሳንባ ነው። የጎደለው ምንድን ነው? ስኪ ላይ ጉልበት የሚሠራው በአንድ እግር ገፍቶ በሌላው እስከሚበቃው በተንሸራተተ ሰው ነው። ሯጭ ግን እግሩ መሬት ነክቶ ቶሎ እንዲነሳ ነው ዕድሜውን ሙሉ የተማረው። መንሸራተት ሲገባው ይሮጣል፤ መሬቱ በነጻ የሚሰጠውን አይቀበልም።

— ትክክል ነው። በ2006 ቱሪን ላይ ኢስቶኒያዊው አንድሩስ ቬርፓሉ 15 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው በ38 ደቂቃ ነው፤ አስፋልት ላይ እንኳ 15 ኪሎ ሜትርን በዚያ ፍጥነት የሮጠ ሰው የለም። ልዩነቱ ያ መንሸራተት ነው። ያን ቀን ግን ከቬርፓሉ ጋር አብሮ የተሰለፈ የኛ ሰው ነበር፤ ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ የተወለደ፣ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለ፣ ባንዲራዋን ብቻውን ይዞ የገባ። በ80ዎቹ ተርታ ነው የጨረሰው፤ ከኋላው የቀሩ ነበሩ። በ2010ም ቫንኩቨር ላይ ተመልሶ ሄደ።

— ሮቤልን አውቀዋለሁ፤ አከብረዋለሁም። የት አደገ?

— በዘጠኝ ዓመቱ ወደ አሜሪካ ሄደ። የተማረው ሌክ ፕላሲድ ነው።

— ሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ የተስተናገደበት ከተማ ነው። ልጁ የበረዶ ልጅ ነው። በልጅነቱ ተምሮ፣ ዩኒቨርሲቲም ስኪ እየተወዳደረ ወጣ። ደሙ የኛ ነው፤ እግሩ ግን የተሠራው እዚያ ነው። ከአንድ መሬት ወደ ሌላ መሬት ሙያ ተሻገረ ለማለት እሱን ምስክር አድርገህ ልታቆም አትችልም።

— ወደ ሌላው አቅጣጫ ግን ምስክር ይሆነኛል። በረዶ የተማረውን ሙያ አዲስ አበባ አምጥቶ ባለ ጎማ ስኪ ታጥቆ አስፋልት ላይ ሲለማመድ ነበር። ሁለት ዱላ ይዞ፣ እግሩ ሥር አጭር ብረት ከፊትና ከኋላ ጎማ ያለው፣ ዳገት ሲወጣ ሰው ቆሞ ሲያየው። ከቤተሰቡ ጋር ሆኖ የስኪ ፌዴሬሽን እስከማቋቋም ደረሰ። ስለዚህ ያለ በረዶ ሊጠበቅ የሚችል ሙያ ነው።

— መጠበቅና መጀመር አንድ አይደሉም።

— በጉልምስናው የጀመረ ከፈለጉ ጋናዊው ክዋሜ ንክሩማ አቼምፖንግ አለ። እንግሊዝ አገር ጣሪያ ሥር በተሠራ የበረዶ ማዕከል ውስጥ ተምሮ ቫንኩቨር ኦሎምፒክ ገባ። የናይጄሪያዋ ሱን አዲጉን ደግሞ ለንደን 2012 በ100 ሜትር መሰናክል የሮጠች ናት፤ በ2018 ፒዮንግቻንግ ላይ የአገሯን የቦብስሌ፣ በበረዶ ቦይ የሚወርደውን ተንሸራታች ጋሪ፣ ቡድን መርታ ወረደች።

— አዲጉን ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ለኔ ግን። ቦብስሌ ላይ መጀመሪያው 50 ሜትር ሩጫ ነው፤ ገፍተህ ትሮጣለህ፣ ከዚያ ትዘላለህ። ሯጭ የሚፈለገው ለዚያ ነው። እሷም መጀመሪያ የተሻገረችው ሩጫ ይዛ ወደ ሩጫ ነው፤ መንዳቱን ከባዶ ነው የተማረችው። ያልኩህም ይህንኑ ነው፤ ሁለቱ ስፖርቶች የሚጋሩት ነገር ካለ እሱ ብቻ ያልፋል።

— እንግዲያው አበበ ቢቂላ።

— አበበ ምን?

— በፈረንጆቹ 1969 የመኪና አደጋ ደርሶበት ከወገቡ በታች ከደነዘዘ በኋላ እንግሊዝ አገር ሄዶ ቀስት ወረወረ፤ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ጋበዙት። እዚያ በረዶ ላይ በስሌጅ፣ ተቀምጦ፣ ረጅም ርቀት ተወዳደረና አሸነፈ። ሮምና ቶኪዮ ያሸነፈበት እግር የለም፤ በረዶውንም ልጅ ሆኖ አላየውም። ጃቶ የተወለደ የደጋ ሰው ነው። እሱ ምን ይዞ ተሻገረ ይላሉ?

— …እሱ ሌላ ሰው ነው።

— ሌላ ሰው ነው ማለት መልስ አይሆንም፣ ጋሼ።

— ልክ ነህ፣ አይሆንም። እንግዲህ መልሱ ይኸውልህ፤ አበበ ይዞ የሄደው እንዴት እንደሚጸና ነው። ረጅም ውድድር ውስጥ የት ላይ መቸኮል እንደሌለበት፣ ሕመሙ ሲመጣ ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። ይህ ሙያ ነው ካልከኝ እቀበላለሁ፤ ይህ አካል ያ አካል ብሎም አይገደብም። አሁን ግን አንተ የምታወራው ስለ አበበ አይመስለኝም። የሆነ ነገር አስበሃል።

— አስቤያለሁ። ስለ ልጆቻችን ነው። ከዝናብ በኋላ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይመልከቷቸው። በኮንጎ ጫማ እርጥቡን ተረተር ሲወርዱ እግራቸውን አግድም ያዞራሉ፤ የጫማውን ጠርዝ ጭቃው ውስጥ ይሰካሉ፤ ጉልበታቸው ይታጠፋል። ሲፈልጉ ጠርዙን ያላሉትና ይንሸራተታሉ፤ ሲፈልጉ መልሰው ነክሰው ይቆማሉ። ስኖውቦርድ አስተማሪ ለጀማሪ የመጀመሪያው ቀን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ በጠርዝ መቆም፣ ጠርዙን አላልቶ መውረድ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚማረውን የኛ የወሎ ቦረና ልጅ ከእረኝነት ያገኘዋል።

— ዱላቸው የት እንዳለ አይተሃል?

— ከኋላቸው ይተክሉታል።

— ሰውነታቸውስ?

— ወደ ኋላ…

— ወደ ኋላ ይለጠጣሉ። እንደ ጓደኛህ። አሁን ነገሩ ወደ እውነቱ ደረሰ። ልጁ ወደ ኋላ የሚለጠጠው ስላላወቀ እንዳይመስልህ። እኛ ነን ያስተማርነው፤ እናቱ ናት፣ ታላቅ ወንድሙ ነው። አገራችን አምባ ነው። መቅደላን አይተሃታል፤ ከላይ ሜዳ፣ ከጎን ገደል። ወደ በሽሎ የሚወርደውን መንገድ ታውቀዋለህ። እዚያ ወደ ፊት ያዘነበለ ሰው አይመለስም። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ ያን 7 ቶን ገደማ የሚሆን መድፍ፣ ከጋፋት አስጎትተው መቅደላ ሲያደርሱ ዳገቱን ብቻ አይደለም የተዋጉት። ጂዳንና በሽሎን ለመሻገር መጀመሪያ መውረድ ነበረባቸው። መድፉ ቁልቁል ጥሎ እንዳይሄድ ከኋላው የሚይዘው ሕዝብ ባይኖር ኖሮ ገደል በገባ ነበር። የዚህ አገር ጥበብ ወደ ኋላ መያዝ ነው። አንተ ልጁን ደረትህን ለቁልቁለቱ ስጥ ልትለው ነው።

— ሰው ባዘጋጀው፣ ከታቹ ሜዳ በሆነ ቦታ ላይ ነው የምለው።

— ሰውነቱ ቦታ ለይቶ ይፈራል ወይ? ጠዋት ወደ ፊት አዘንብል ያልከው ልጅ ማታ ከብት ይዞ ገደል አፋፍ ሲሄድ የትኛውን ይታዘዛል?

— ሁለቱንም ይይዛል። ጓደኛዬ በረዶ ከለመደ በኋላ ወደ ባህሩ ሲመለስ የኋላ እግሩን አልረሳም። ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከእናቱ ጋር በአንዱ፣ ገበያ ላይ በሌላው እንደሚናገረው ነው። ወሎ ውስጥ ይህን የማያውቅ አለ?

— ጓደኛህ ባህሩ ላይ ቢሳሳት ይረጥባል። የኛ ልጅ ቢሳሳት ይሞታል። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አትስማማም?

— እስማማለሁ። ለዚህ ነው ገደሉን እንተወው የምለው። በሰው እጅ በሚሠራ በረዶ ሌሶቶ ስፖርቱን ይዛዋለች፤ ማሉቲ ተራራ ላይ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ አፍሪስኪ የሚባል ቦታ አለ። እኛም አምባ ፈሪት አለን፤ 4 ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው።

— አብሽር፣ ይህን እንኳ እኔ እመልስልሃለሁ። ሌሶቶ ከምድር ወገብ ሩቅ ናት፤ ክረምቷ ለወራት ክረምት ነው። እኛ ጋ ኅዳር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐዩ አናት ይበሳል። በሌሊት የሠራኸውን በረዶ ቀን ያቀልጥብሃል። ውሃውንስ ከየት ታመጣዋለህ? ውርጭ የሚጥለው በደረቁ ወቅት ነው፤ ያኔ እናቶች ለአንድ ጀሪካን ምንጭ ላይ ተሰልፈው ይውላሉ። ደግሞ በአካባቢው ፓርክ አለ፤ ቦረና ሳይንት ላይ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ አለ። ለእነሱ የቀረችውን ጥቂት ጓሳ ለመንሸራተቻ ልትጠይቅ ነው?

— በረዶውን ተውኩት። አልጠይቅም። ጎማ ግን እጠይቃለሁ። ሰርፈሮች ማዕበል ሲጠፋባቸው በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ እንጨት ሥር ጎማ አሰሩና ስኬትቦርድ ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ በፈረንጆቹ 2016 የተከፈተ የስኬት ሜዳ አላት፤ ልጆቹ ኮንክሪቱ ላይ የሚሠሩትን ቢያዩ ይገረማሉ። ባለ ጎማ ስኪና ስኬትቦርድ አስፋልት እንጂ በረዶ አይፈልጉም። አንድ ለስላሳ አስፋልት፣ አንድ ራስ መከላከያ፣ አንድ አስተማሪ።

— አስፋልት ላይ የተሰበረ እግር ያው እግር ነው፤ ከበድ ካለ ደሴ ነው የሚወሰደው። እሱን እንኳ እንለፈው። ዋናው ጥያቄዬ ሌላ ነው። በቆጂን እይ። አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፣ ስንታየሁ እሸቱ፣ ሜዳና ጫካ ብቻ ይዞ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን አወጣ። ሩጫ ለኛ ልጅ መንገድ ነው፤ ቤተሰብ ያወጣል፣ ቤት ያሠራል። እኔ ጋ አንድ ደህና ሳንባ ያለው ልጅ ቢመጣ ሩጫውን አስጥዬ ጎማ ላይ ላወጣው? ሰማንያኛ እንዲወጣ? ይህንን ለእናቱ እንዴት እነግራታለሁ?

— ደህና ሳንባ ያለውን አይንኩት፤ ይሩጥ። እኔ የምለምንዎ ለሌሎቹ ነው።

— ለየትኞቹ?

— ክፍሉ ሲሮጥ መጨረሻ ለሚቀሩት። ከአርባና ከሃምሳው ልጅ ሁለቱን ለውድድር መርጠን ሌላውን ቁጭ በል የምንለው። ከእነሱ ውስጥ ፍጥነት የሌለው፣ ሚዛኑ ግን የፍየል የሆነ አለ። ሳንባው ደካማ ሆኖ ልቡ የማይፈራ አለ። እነዚህ ልጆች ሩጫ ላይ ሰነፍ ተብለው ሰውነታቸውን ይጠሉታል። ሰርፈሩ ደልዳላ በረዶ ላይ ሲወድቅ ሰነፍ ነበር፤ ጥልቁ ላይ ሲደርስ ታየ። ለእነሱ ጥልቁ የት እንዳለ ማን ፈለገላቸው?

— …እነዚያን ልጆች እኔም አስባቸዋለሁ። ፊሽካ ነፍቼ ሁለቱን ስለይ የሌሎቹ ፊት አይጠፋኝም።

— እንግዲያው?

— እንግዲያውማ ኦሎምፒክ የሚለውን ከጨዋታህ አውጣው። ቱሪን፣ ናጋኖ፣ ቫንኩቨር አትበለኝ። ባንዲራ ስታነሳ ወረዳውም ወላጁም ሜዳልያ ይጠብቃል፤ ሜዳልያ ሲጠበቅ ደግሞ መምህሩ ተመልሶ ሁለቱን ይመርጣል፣ ሌሎቹ ተመልሰው ቁጭ ይላሉ። ለሁሉም ልጅ ይሁን ካልክ ማንም የማያሸንፍበት አድርገው።

— እሱ ላይ አልስማማም። ሮቤል ባንዲራዋን ይዞ ባይገባ ኖሮ እኔ ኮሎራዶ ላይ ያንን ሰሌዳ ለመርገጥ ባልተነሳሁ ነበር። ለኛ ሰው የተሠራ ነገር አይመስለኝም ነበር። እዚህ ያለችውም ልጅ አንድ የሚመስላትን ሰው እዚያ ካላየች በምን አስባው ትጀምረዋለች?

— ሮቤል ሰማንያኛ ገደማ እንደወጣ ስትሰማስ?

— እኔ እኮ ያን ሰምቼ ነው የጀመርኩት።